ሰሚውን ያደነቆርኩት እኔ ነኝ

ውድ እታለም፣

ይህን የምጽፍልሽ በአንቺ ጠረጴዛ ላይ፣ በአንቺ ወንበር ተቀምጬ ነው። የወንበሩ አንድ እግር እንደሚያጥር ረስቼው ነበር። ገና ስቀመጥ ወደ ግራ ዘመም አደረገኝና ክንዴን ጠረጴዛው ላይ ጣል አደረግኩ፤ ሁልጊዜ እንደዚያ ተደግፈሽ የምትስዪው ለምን እንደሆነ ገና ዛሬ ገባኝ። ካጣሁሽ ስድስት ሳምንት ሆነኝ። እስከ ወሩ መጨረሻ ቤቱን ማስረከብ አለብኝ፤ እኔ ግን አንዲት ካርቶን እንኳ አልሞላሁም። እመጣለሁ፣ መስኮቱን እከፍታለሁ፣ ትንሽ እቀመጣለሁ፣ መስኮቱን መልሼ ዘግቼ እሄዳለሁ።

የምጽፈው በውሃ ሰማያዊ እርሳስ ነው። ለምን እንደሆነ አንቺ ታውቂያለሽ። ሌላ ሰው ቢያነበው እንዳይደናገር ግን ከሥሩ ልጀምር። እኔ ስቀባጥር መስማት ትወጂ ነበር፤ ቢያንስ ትወጃለሽ ብዬ ነው የኖርኩት።

አባታችን ቧንቧ ሰሚ ነበር። የመሥሪያ ቤቱ ወረቀት ላይ ሥራው ሌላ ስም ነበረው፤ እኛ ግን እንደዚያ ነበር የምንለው። የሆነ ሰፈር ውሃው ከመሬት በታች እየፈሰሰ ሲጠፋ እሱን ይጠሩታል። ረጅሙን የብረት ዘንግ ይዞ ይሄዳል፤ አንዱን ጫፍ አስፋልቱ ላይ ያቆመዋል፣ ሌላውን ወደ ጆሮው ያስጠጋዋል፣ ከዚያ ዓይኑን ይጨፍናል። እሑድ ጠዋት መንገዱ ጭር ሲል ሁለታችንንም ይዞን ይሄድ ነበር።

«እስቲ ምን ይላል?» ይለናል ዘንጉን እየሰጠን።

«ሽሽሽ ይላል» እላለሁ እኔ፣ ምንም ሳልሰማ።

አንቺ ግን ዘንጉን ይዘሽ ትቆያለሽ። እግሬ እስኪደነዝዝ ትቆያለሽ። ከዚያ፣ «እዚህ አይደለም አባዬ፤ ወደዚያ ነው» ትያለሽ። ብዙ ጊዜ ልክ ነበርሽ። አባዬ ለሠራተኞቹ፣ «ልጄ እዚያ ጋ ነው ብላለች» ይላቸዋል ኮስተር ብሎ። አካፋ ያነሳ ሰው ሲቸኩልበት ደግሞ፣ «መጀመሪያ እንስማ፤ ቁፋሮው የትም አይሄድብህም» ይለው ነበር።

ቤታችን ውስጥም ከክፍልሽ ወደ ክፍሌ የሚያልፍ ቧንቧ ነበር። አንቺ «ና» ብለሽ መጥራት አይሆንልሽም። ስትፈልጊኝ በእርሳስሽ ቂጥ ሦስት ጊዜ ታንኳኪዋለሽ። እኔም ከወዲያ «አቤት» እላለሁ። እናታችን፣ «አፍ አልፈጠረላችሁም?» እያለች ትናደድ ነበር።

የሥዕል መጽሔታችንን ጀግና፣ ሰሚውን፣ የፈጠርነው አባዬ ጡረታ በወጣ ዓመት ነው፤ እኔ ጽሑፉን፣ አንቺ ሥዕሉን። ያኔ መጽሔት መሸጫው ሁሉ ልዩ ኃይል ባላቸው ጀግኖች ተሞልቶ ነበር፤ ሁሉም ጡንቻ፣ ሁሉም ካባ። እኛ አንድ የውሃ ሠራተኛ ይዘን መጣን። ኃይሉ አንድ ብቻ ነው። ጆሮውን ቧንቧ ላይ ሲያደርግ በከተማው ውስጥ የጨነቀው ሰው ድምፅ ይሰማዋል። ከዚያ በቀር እንደማንኛችንም ነው። አንድ ጉልበቱን ያመዋል። በአውቶቡስ ነው የሚሄደው። ብዙ ጊዜ ያረፍዳል። ደረጃ ሲወጣ ያለከልካል፣ ሲደርስ በር ያንኳኳል፤ ሰብሮ አይገባም። ለጠራው ሰው የሚላት ቃልም አንዲት ነበረች፤ «አቤት»።

አባዬ የመጀመሪያውን እትም መነጽሩን አድርጎ ከዳር እስከ ዳር አየው። «ጆሮው ልክ ነው» አለ። ገጹን መልሶ ገለጠና፣ «እኔን የሚያመኝ ግን ግራ ጉልበቴን ነው፤ አንቺ ቀኙን ነው ያሳመምሽው» አለሽ። በሁለተኛው እትም ሕመሙ ወደ ግራ ዞረ። አንድም አንባቢ ልብ አላለም፤ እኛ ግን ሳምንቱን ሙሉ ስንስቅ ሰነበትን።

ሦስተኛውን እትም ታስታውሻለሽ? አንዲት አሮጊት ትጣራለች፣ ሰሚው ስድስት ፎቅ በእግሩ ወጥቶ ይደርሳል፤ ሴትየዋ ምንም አልሆነችም፣ ብቻዋን መብላት ሰልችቷት ነው። ቁጭ ብሎ አብሯት ይበላል። ታሪኩ በቃ ይኸው ነው። ከዚያ በኋላ ከጻፍኩት ሁሉ እሱ እንደሚበልጥ ለማወቅ አሥራ ስድስት ዓመት ፈጀብኝ።

የተበላሸንበትን ቀን በትክክል ልነግርሽ እችላለሁ። በአሥራ አንደኛው እትም ሰሚው አውቶቡስ አመለጠው። ሲደርስ የሰውየው ቤት በውሃ ተሞልቶ፣ የሟች ሚስቱ ፎቶግራፎች ሁሉ ርሰው ነበር። ሁለቱ ሰዎች ፎቶግራፎቹን አንድ በአንድ ገመድ ላይ ሲያሰጡ ይውላሉ። አንቺ ያን ገጽ ስትስዪ ዓይንሽ እንባ አቅርሮ ነበር። ከአንባቢ የመጣልን ደብዳቤ ግን፣ «ማርፈድማ እኔም አረፍዳለሁ፤ ለዚህ ብዬ መጽሔት አልገዛም» የሚል ነበር። አንቺ ሳቅሽ። እኔ ግን ነገሩ ከነከነኝ። በሚቀጥለው እትም ሰሚውን ፈጣን አደረግኩት።

ከዚያ ወዲያ ማን ይያዘኝ። ፈጠነ፣ ቀጥሎ በረረ። የሚበር ሰው ጉልበት ምን ያደርግለታል? ጉልበቱ ዳነ። ጥይት አልበሳው አለ። እንቅልፍ ተወ። ምግብ ተወ። «ቁርስ የማይበላ ሰው ጠዋት ጠዋት ምን ሲያደርግ ልሳለው?» ብለሽ ጠየቅሽኝ። «ከተማውን ከላይ ሲመለከት ሳዪው» አልኩሽ። ሳልሽው። ደጋግመሽ ሳልሽው።

ጠላቶቹም አብረውት ገዘፉ። የመጀመሪያው ጠላቱ የተከራዮቹን ውሃ የሚዘጋ የሕንፃ ባለቤት አልነበረም? በስልሳኛው እትም ፀሐይ የሚያጠፋ ፍጡር ላይ ደረስን። «ፀሐይን ካጠፋ በኋላ ደግሞ ምን ሊያጠፋ ነው?» አልሽኝ። በሰባኛው ጊዜን ራሱን አስጠፋሁት። የሚገርመው አንባቢው ጨመረ እንጂ አልቀነሰም። የአሳታሚያችን አለቃ ቢሮው ጠርቶ ትከሻዬን መታ መታ ያደርገኛል፣ እኔም ሰሚው የሚሸከመው አንድ ተራራ እጨምርለታለሁ።

ሰዎቹስ? ድሮ ከሰሚው ኋላ መንገድ የሚያቋርጥ ሰው ሁሉ ፊት ነበረው። አንዱ ቦርጫም፣ አንዷ ጫማዋ የጠበባት፣ አንዱ ከሚስቱ ተጣልቶ የወጣ፤ ቁመናውን አይቼ አውቀው ነበር። ከሰማይ ሲታዩ ግን ነጥብ ሆኑ። በመቶ አርባኛው እትም ሰሚው አንዱን ጠላት ሲወረውረው አንድ ሰፈር ሙሉ ፈረሰ፤ በሚቀጥለው እትም ሰፈሩ በቦታው አለ። በገጹ ዳር፣ «የፈረሰው የማን ቤት ነበር?» ብለሽ ጻፍሽልኝ። ያን አንብቤዋለሁ። አንብቤ «ማንም አይጠይቅም» ብዬ ከሥሩ መለስኩልሽ።

ስለዚህ እርሳስ ማስረዳት ያለብኝ እዚህ ጋ ነው። የማተሚያ ቤት ማሽን ውሃ ሰማያዊን እንዳያይ ተደርጎ ይስተካከላል። ሰዓሊ መጀመሪያ በእሱ ይነድፋል፣ ቀጥሎ በጥቁር ቀለም ይሄድበታል፤ ሲታተም ጥቁሩ ብቻ ይቀራል። አንቺ ደግሞ በገጹ ዳር ዳር ለእኔ ትጽፊበት ነበር፤ በአፍሽ የማይወጣልሽን ሁሉ። «ይሄ ንግግር ረዘመ።» «እዚህ ጋ ዝም ይበል።» «ትናንት ስለጮኽኩብህ ይቅርታ።» «አባዬን ሄደህ እየው፤ አንተ ከደወልክለት ቆየ አለኝ።» ጠረጴዛችን አንድ በነበረበት ዘመን ገጹ ከእጅሽ ወደ እጄ ያልፋል፤ አነበዋለሁ፣ በራሱ እርሳስ እመልስልሻለሁ፣ ከዚያ ወደ ማተሚያ ቤት ይሄዳል። አንድ ደንብ ነበረን። በሰማያዊ የተጻፈ በአፍ አይነሳም። ፊት ለፊት ስናወራ እንጣላለንና፤ ለዚያ ነው። ስንት ሺህ ሰው የሚያየው ወረቀት ላይ ሁለታችን ብቻችንን እናወራ ነበር።

በመቶ ሰባኛው እትም ላይ ዋና አዘጋጅ ሆንኩ። ሰባተኛ ፎቅ ቢሮ ተሰጠኝ፣ ስሜ በር ላይ ተለጠፈ። አንቺ ቤትሽ መሥራት ጀመርሽ። ገጾችሽን ተላላኪ መጥቶ ይወስዳል፤ ምድር ቤት ያለችው ሠራተኛ ስካን ታደርጋቸዋለች፤ ለእኔ በኮምፒውተር ይደርሱኛል፤ ዋናዎቹ ካርቶን ውስጥ ይገባሉ። ኮምፒውተሬ ላይ የሚመጡት ጥቁርና ነጭ ናቸው። ሰማያዊው ቀርቷል። ዋናዎቹ በእጄ እንደማያልፉ አልነገርኩሽም፤ ይነገራል ብዬም አላሰብኩ። መጻፍ የተውሽ መሰለኝ። እንዲያውም ከፍቶኝ ነበር፣ ታምኚኛለሽ? እኔው ጥፋተኛ፣ እኔው አኩራፊ።

የራስ ቁሩ የመጣው ያኔ ነው። አለቃ፣ «አሻንጉሊት አድርገን ልናወጣው ነው፤ ፊቱ ግን የጡረተኛ ፊት ነው» አለኝ። ስለዚህ አንገቱ ድረስ የሚደርስ የብረት ቁር አጠለቅንለት። አንቺ የሰሚውን ጆሮ ሁልጊዜ መጨረሻ ነበር የምትስዪው። ሌላው ሁሉ ካለቀ በኋላ እርሳስሽን ቀርጸሽ፣ ትንፋሽሽን ዋጥ አድርገሽ። ቁሩ ጆሮውን ሸፈነው። ያን ቀን በስልክ፣ «ጆሮው የት ሄደ?» አልሽኝ።

«አሁን እኮ ሁሉን ነገር ያውቃል እታለም። መስማት አያስፈልገውም።»

አፌን ሞልቼ ነው እንዲህ ያልኩሽ። «አቤት» የምትለዋንም ቃል ያን ወር አወጣኋት፤ ለጀግና አታምርም ተባለ። በእሷ ፈንታ «እኔ አለሁ» ማለት ጀመረ። ማን እንደጠራው እንኳ ሳይጠይቅ፣ ከደመና ላይ ሆኖ።

አሁን የሚከብደኝ ላይ ደረስኩ።

ካረፍሽ ከሁለት ወር በፊት መሆኑ ነው። ደወልሽልኝ። አንቺ ደንባችንን የምትጥሺ ሰው አልነበርሽም፤ ያን ቀን ጣስሽው።

«የጻፍኩልህን አየኸው?» አልሽኝ።

በሩ ላይ ሁለት ሰዎች ቆመው ይጠብቁኝ ነበር። ስለ ምን እንደምታወሪ አላወቅኩም። ስለ ቁሩ መሆን አለበት ብዬ ገመትኩ። ዓይኔን በጨው አጥቤ፣ «አዎ፣ አይቼዋለሁ» አልኩሽ።

«እና?»

«አሁን ምን ላድርገው ብለሽ ነው? ትንሽ ታገሺው፤ ይለመዳል።»

«እሺ» አልሽ። ያ «እሺ» ዛሬ ከሁሉም በላይ ጮክ ብሎ ይሰማኛል፤ ያን ቀን ግን ወደ ሰዎቹ ዞሬ «ግቡ ግቡ» ነበር ያልኩት።

ከስምንት ሳምንት በኋላ የመቶ ዘጠና ዘጠነኛው እትም ገጾች መጡ። ሃያ ሦስቱ ተሥለዋል፤ ሃያ አራተኛው፣ የመጨረሻው፣ ባዶ ነው። ኮምፒውተሩ ላይ ነጭ ወረቀት። ንዴቴ አናቴ ላይ ወጣ። ደወልኩልሽ።

«እታለም፣ ባዶ ወረቀት እኮ ነው የላክሽልኝ።»

«ባዶ አይደለም።»

«ፊት ለፊቴ እያየሁት ነው።»

«እሱን አይደለም» አልሽኝ ቀስ ብለሽ፤ «ውረድና ዋናውን እየው።»

«ሰባት ፎቅ ልውረድ? ለባዶ ወረቀት?»

«ሊፍት አላችሁ አይደል» አልሽኝ። ድምፅሽ ውስጥ ሳቅ ነበረ። ትንፋሽሽ ግን አጭር ነበር፤ እሱን አሁን ነው የማስታውሰው። አልወረድኩም። እዚያው ቢሮ ያለ አንድ ልጅ ሰሚውን ከተማው ላይ ሲበር ሳለልኝና ገጹን ሞላሁት። ያን ቀን ሁሉም ነገር ገብቶሻል ማለት ነው። ዋናዎቹን እንደማላያቸው፣ «አይቼዋለሁ» ያልኩሽ ውሸት እንደነበረ። ገብቶሽም ሳቅሽ።

በሦስተኛው ቀን ከቀትር በኋላ፣ ከሥርሽ የምትኖረው ልብስ ሰፊዋ ደወለችልኝ። ስደርስ ሁሉም ነገር አልቆ ነበር። ደረጃው ላይ ተቀምጣ የልክ መውሰጃ ሜትሯ አንገቷ ላይ እንደተንጠለጠለ ታለቅሳለች።

«ቧንቧው ሲንኳኳ ሰምቼ ነበር» አለችኝ። «ሦስቴ። ቆየት ብሎ ደግሞ ሦስቴ። አየር ነው ብዬ ስፌቴን ቀጠልኩ። ምን ነበረበት ብነሳ?»

«አየር ነው» አልኳት። «አባቴ የውሃ ሠራተኛ ነበር፤ አውቀዋለሁ። አየር ሲገባበት እንደዚያ ነው የሚያደርገው።»

እጄን ይዛ «እውነትህን ነው?» አለችኝ። «እውነቴን ነው» አልኳት። እሷ እንድትተኛ ብዬ የዋሸሁት ውሸት ይኸው እኔን እንቅልፍ ነሳኝ።

በሁለተኛው ሳምንት አለቃ ጠራኝ። አጽናናኝ፤ ክፉ ሰው አይደለም። ከዚያ ስለ ሁለት መቶኛው እትም አነሳ። «ተራራ ተሸከመ፣ ፀሐይ አበራ፣ ጊዜን መለሰ። ምን ቀረው? ሞት ነው የቀረው። ሞትን ያሸንፍልን። ለእህትህም መታሰቢያ ይሆናል።»

እሺ አልኩት። አልደብቅሽም እታለም፣ ደስ ብሎኝ ነው እሺ ያልኩት። በእውን ካልሆነ በወረቀት ላስነሳሽ ፈለግኩ። አሥራ ሁለት ገጽ ጻፍኩ። ሰሚው ደመናውን ሰንጥቆ ይመጣል፣ የዚህን ቤት ጣራ እንደ ክዳን ያነሳል፣ አንቺ ከወንበርሽ ቀና ትያለሽ። ከዚያ እጄ ቆመ። ምን ይበልሽ? ሁሉን የሚያውቅ ሰው ምን ብሎ ይጠይቅሽ? «ደህና ነሽ?» አይልም፤ ያውቀዋል። «ምን ሆንሽ?» አይልም። አረፈድኩ ብሎ ይቅርታ አይጠይቅም፤ አርፍዶ አያውቅም። አራት ቀን ሙሉ አንዲት ቃል አፉ ውስጥ ላስገባለት ሞከርኩ። ከቁሩ ሥር ማንም አልነበረም። ፊቱ ምን ይመስል እንደነበር ለማስታወስ ስሞክር እኔም ጠፋኝ።

ምድር ቤት የወረድኩት ለዚያ ነው። የድሮ ፊቱን ፍለጋ።

ስካን የምታደርገው ሠራተኛ ካርቶኖቹን ከመደርደሪያ አወረደችልኝ። አንዱን ገጽ አንስቼ ሰማያዊውን ሳይ እንደ ሞኝ ቆሜ ቀረሁ። «ይሄ ምንድን ነው?» አልኳት።

«የእህትህ ጽሑፍ ነዋ። አታየውም ነበር እንዴ?»

«አንቺስ አንብበሽዋል?»

«ኧረ በፍጹም። የእናንተ የቤተሰብ ጉዳይ ነው ብዬ አንድም ቀን አላነበብኩትም። ጽሑፍ መኖሩን አያለሁ፤ ከዚያ ገልብጬ ማሽኑ ላይ አደርገዋለሁ።» ከዚያ ፊቴን አየችና ወንበሯን ለቀቀችልኝ።

የሁለት ዓመት ተኩል ገጾች እዚያው አነበብኩ። ሁሉንም እዚህ አልጽፈውም። «ቁሩ ከብዶታል፤ አንዴ ያውልቀው።» «ዛሬ አንዲት ሴት አውቶቡስ ላይ ሰሚውን ስታነብ አየኋት፤ ገጹን ሳትጨርስ ታልፈዋለች።» «ለምን አትመልስልኝም? አጠፋሁ?» «እሺ፣ ባትመልስም እጽፋለሁ።» «አንዴ ይውደቅ። ሲወድቅ ነው ሰው የሚይዘው።» «ቀኝ እጄ ጠዋት ጠዋት ይደነዝዛል።» «ደረጃው ከበደኝ፤ እንደ ሰሚው ሆኛለሁ፣ እንደ ድሮው ማለቴ ነው።» ከዚያ በመቶ ዘጠና ሰባተኛው እትም፣ ገጽ ዘጠኝ፣ በታች በኩል፦ «ሐሙስ ሐኪም ቤት ቀጠሮ አለኝ። ብቻዬን መሄድ ፈራሁ። አብረኸኝ ትሄዳለህ?»

ይለመዳል ብዬሻለሁ። ትንሽ ታገሺው ብዬሻለሁ። ይህን ከእንግዲህ ማንም ይቅር ሊለኝ አይችልም፤ ይቅር ማለት የምትችለዋ አንድ ሰው ነበረች።

ባዶው ወረቀት ከሁሉም ላይ ነበር።

ስድስት የሥዕል ሳጥን፤ ሁሉም በውሃ ሰማያዊ፣ ጠብታ ጥቁር ቀለም የለበትም። በመጀመሪያው አንድ ሰው አውቶቡስ ይጠብቃል፤ ቁር የለውም። በሁለተኛው አውቶቡስ ውስጥ ቆሟል፣ በዙሪያው ያሉት ሰዎች ሁሉ ፊት አላቸው። በሦስተኛው ደረጃ ይወጣል፣ ግራ ጉልበቱን በእጁ ይዞ። በአራተኛው ይህ በር ነው፣ የአንቺ በር፣ የተላጠው ቀለም ሳይቀር። በአምስተኛው ፊቱ ከቅርብ ይታያል፤ ሊያንኳኳ እጁን አንሥቷል። በስድስተኛው በሩ ተከፍቷል፣ አንዲት ሴት ጀርባዋን ሰጥታን ቆማለች፣ ፀጉሯ ውስጥ እርሳስ ሰክታለች። ሰውየው «አቤት» ይላታል።

ፊቱ የአባዬ መሰለኝ። ወደ መብራቱ አስጠግቼ አየሁት። የእኔ ነው።

በአምስተኛው ሳጥን ጆሮው የለም። ዳር ላይ፣ በሚንቀጠቀጥ ፊደል፦ «ቀለም መያዝ አቃተኝ፤ እጄ እምቢ አለኝ። አንተ ሂድበት። ጆሮው ይቀረዋል፤ ስትመጣ እንጨርሰዋለን።»

አሥራ ሁለቱን ገጽ ቀደድኳቸው። ለአለቃ የአንቺን ገጽ አሳየሁት፤ የቀሩትንም ገጾች እንደዚያው ቀለል አድርጌ እንደምጽፋቸው ነገርኩት።

«ሁለት መቶኛው እትም አንድ ሰውዬ ደረጃ ሲወጣ ነው?» አለኝ።

«ያረፍዳል ደግሞ» አልኩት።

«አንባቢው ይሸሻል። ይሄን ሰውዬ እኮ ማንም አያውቀውም።»

«አውቃለሁ። እኔም ረስቼው ነበር።»

እስከ ዓርብ ጊዜ ሰጠኝ። ሞትን የሚያሸንፈውን ካላመጣሁለት ሰሚውን ለሌላ ጸሐፊ ይሰጠዋል፤ የበሩ ላይ ስሜም ይነሳል። ይሰጠው። በእነሱ እጅ እንደፈለገው ይብረር። እኔ ግን ይህን አንዱን እትም አንቺ እንዳልሽው አስረክባለሁ፤ እነሱ ባያትሙት በራሴ አትመዋለሁ፤ አንባቢው አንድ ሰው ቢሆንም ግድ የለኝም። ዓርብ ነገ ነው፤ የቀሩት ገጾች ተጽፈው አልቀዋል።

ከጠዋት ጀምሮ በመስመሮችሽ ላይ በጥቁር ቀለም እየሄድኩ ነው። እጄ የሰዓሊ እጅ አይደለም፤ አውቶቡሱ ተጣሞብኛል፣ አንዷን ተሳፋሪ ሳላስበው ጢም አወጣሁላት፣ ብታዪኝ ትስቂብኝ ነበር። አራቱን ሳጥን ጨርሻለሁ። አምስተኛውን ጀምሬዋለሁ። ስድስተኛውን ግን አልነካውም። በሰማያዊ እንዳለ ይሄዳል። ሲታተም አንባቢው ሊያንኳኳ እጁን ያነሳ ሰው ያያል፤ ከዚያ ቀጥሎ ነጭ ሳጥን ያያል። በሩ ተከፍቶለት ነበር ብዬ አልዋሽም፤ እኔ አልደረስኩም። አንቺ ግን ከፍተሽልኝ እንደነበር ሁለታችን እናውቃለን። ማሽኑ አያየውም።

ከስድስት ሳምንት ወዲህ ይህ ቧንቧ ከጠረጴዛሽ በላይ ይንኳኳል። ጠዋትም ይንኳኳል፣ ከቀትር በኋላም። ልብስ ሰፊዋም ትሰማዋለች፤ ደረጃ ላይ ስንገናኝ ዓይኔን አታየኝም። እኔም በእያንዳንዱ ቀን ጆሮ ዳባ ልበስ ብዬ መስኮቱን ዘግቼ ሄጃለሁ። እንደፈራሁት ልንገርሽ፤ በጣም ፈርቼዋለሁ።

ዛሬ አልሄድም። የቀረኝ ጆሮው ብቻ ነው። እርሳሱን ቀርጬዋለሁ። እንዳንቺ ትንፋሼን ዋጥ ላደርግ ስል ይኸው ተንኳኳ፤ አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት። አየር መሆኑን አውቃለሁ። አባዬ ቢኖርም እንደዚያው ነበር የሚለኝ።

አቤት፣ እታለም።

ታናሽሽ፣
ቀባጣሪው